የምንቸገረኝ ሆድና የእኔ ጎን

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ፣ ረፋድ

የመሸንቲው ጌሾ ዛሬም አልገባም። መንገድ ዝግ ነው አሉ። ነገ ይከፈታል። ትናንትም «ነገ» ነበር ያሉኝ። ለፋሲካ ጠላ የሚጠምቀው ሁሉ ደጄ ላይ ቆሟል። ያለኝን በትንሽ በትንሹ አወጣለሁ። ቅጠሉን ለሁሉም፣ እንጨቱን ለቆየ ደንበኛ ብቻ።

ውሻዬ አልተነሣችም። ሰው ሲገባ አንድ ጊዜ ጮኻ ፊቴን የምታይ ናት። ዝም ካልሁ ትተኛለች። ዛሬ ጆሮዋን እንኳ አላቆመችም። የማታ ፍርፋሪዋ እንዳለ ነው፤ ዝንብ ወሮታል።

አዲስ ነሽና ልንገርሽ፣ ማስታወሻዬ። ውሻዪቱ ምንቸገረኝ ትባላለች፤ ሲያቆላምጧት ምንቼ። በአጥር የምንዋሰነው መላኩ እንደ እኔው የጌሾና የብቅል ነጋዴ ነው። ደንበኞቼን ከደጄ እየጠራ ሲወስድብኝ ይህን ስም አወጣሁላት። ጠዋት ጠዋት ወደ አጥሩ ዞሬ «ምንቸገረኝ! ምንቸገረኝ!» እላለሁ። ይሰማል። እሱም ብዙ ሳይቆይ ወንድ ውሻ አመጣና «ይብላኝልሽ» አለው። ይኸው ስድስት ዓመት በውሾቻችን ስም እንሰዳደባለን። በገዛ አፋችን ሰላምታም የለን። ውሾቹ ግን ከአጥሩ ሥር ቆፍረው ይጠያየቃሉ።

ከእሷ በፊት የነበረችኝን ውሻ ሌባ መርዞ ገደለብኝ። ወዲያው መጋዘኔ ተሰበረ። አሁንም መጋዘኔ ውስጥ የበዓሉ ዕቃ ነው ያለው። የምፈራው ያንን ነው። የምፈራው ያንን ብቻ እንዳልሆነም አውቃለሁ፤ ግን ስለ ውሻ ማልቀስ ነጋዴን ያስቃል።

ቀኝ ጎኔ እንደገና ያዘኝ። ከጎድን አጥንቴ ሥር፣ ድንጋይ የዋጥሁ ይመስል። ከጆንያው ነው። ያልፋል።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ሆዷ ተነፍቷል። ተኝታ እንኳ ይታያል።

ባለቤቴ ጌታሁን (ፋብሪካ መካኒክ ነው፤ ከእንግዲህ ጌ. ብዬ እጽፈዋለሁ) መርዝ ነው ይላል። የኔታ፣ ጎረቤታችን፣ የቅኔው መምህር፣ ከማኅሌት ሲመለሱ ብቅ አሉ። እኛ ስንጾም እሷስ ብትጾም ምን ይገርማል ብለው ሣቁ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሆዷን አዩና ሣቃቸውን ዋጡት። 

ለእንስሳት ሐኪሙ ደወልሁ። ዶ/ር ሣህሉ፤ ክሊኒኩ ጣና ዳር ነው። ከንፈሯን ገልጠው ድዷን ይዩልኝ አለኝ። አየሁ። ቀላ ያለ ነው። ነጭ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ ያምጡ እል ነበር አለ። የተነፋ ሆድ ውሃም ሊሆን ይችላል፣ ደምም፣ እባጭም፣ ቡችላም። ከውጭ ዐይቶ የሚለይ ሰው የለም፤ አልትራሳውንድ ትነሣ።

እንዲህ አዘዘኝ። ከማታ ጀምሮ ምግብ እንዳትቀምስ። ውሃ ትጠጣ። ጠዋት ሳትሸና ትምጣ፣ ፊኛዋ ሲሞላ ምስሉ ይጠራል። ከቤት ምንም መድኃኒት እንዳይሰጧት። ከሰው ሐኪም የበለጠ ያዛል።

ጌ. ስለ ጎኔ ደግሞ አያ ደመላሽን አነጋግሯል። ወጌሻ ናቸው። ለተዝካር ደልጊ ሄደዋል፤ ከሆሳዕና በፊት መጥተው ያሹኛል። ጥሩ። ጆንያ እየጠበቀኝ መተኛት አልችልም።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ከንቱ ቀን።

ባጃጁ ውሻ አልጭንም አለ፤ ጆንያ አነጥፋለሁ ብዬ ለመንሁት። ድልድዩ ላይ ወርደን ተፈተሽን። ዓባይ ማዶን ለቀን ጣና ዳር ስንደርስ ሐይቁ ጭጋግ ለብሷል፣ ማዶው የለም። ምንቼ በሩ ላይ እግሯን ተከለች። አቅፌ አስገባኋት፤ ጎኔ ወጋኝ።

ስክሪኑ ላይ ምንም። ነጭ ጭጋግ፣ ልክ እንደ ውጭው። ዶ/ር ሣህሉ መዳሰሻውን ወዲህ አለ፣ ወዲያ አለ፣ ከዚያ በላች ወይ አለኝ። አልበላችም አልሁ፤ ማልሁም። ጌ. ጉሮሮውን ጠረገ። ንጋት ላይ ዐይኖቿን ሲያይ አሳዝናው ዳቦ ሰጥቷታል። «ጾም እንኳ ያልያዘች ፍጥረት» አለ። እኔ አፈርሁ፣ ሐኪሙ አልተቆጣም። ለምዶታል። ይህ መሣሪያ የሚያየው በድምፅ ነው፤ እኛ የማንሰማው ድምፅ። ድምፁ በውሃ ውስጥ ያልፋል፣ በአየር አያልፍም። የበላ ሆድ አየር ይሞላል፣ አየሩ ሁሉን ይጋርዳል። ቡችላ ቢሆን ትንሽ ይታይ ነበር፤ ግን ጉበትና ጣፊያዋን ሳላይ ምንም አልልም አለ።

ጨረር ነው ወይ፣ ያቃጥላታል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አይደለም። አያምምም። ማደንዘዣም አያስፈልግም፣ የምትናከስ ወይም የምትሸበር ካልሆነች።

ዓርብ ተባልን። ሁለት ቀን ሙሉ ሆዷ ውስጥ ያለውን ሳላውቅ። ዛሬ ማታ ዳቦ ያለበትን ሣጥን ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርሁት። ጌ. አኩርፏል።

መጋቢት 26፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ታየ።

በጀርባዋ አስተኝተን እኔ ራሷን ያዝሁ። የሆዷን ጸጉር ላጩት። አስፈላጊ ነው ወይ አልሁ፤ ካልተላጨ ጸጉሩ አየር ይይዛል፣ ተመልሶ ይበቅላል አለ። ጄሉ ሲነካት ደነገጠች፤ ቀዝቃዛ ነው። «ምንቼ፣ ምንቼ» አልኋት በጆሮዋ። ስሟን በቀስታ ጠርቻት አላውቅም ነበር። ጸጥ አለች።

በግራጫው ውስጥ ጥቁር ጎድጓዶች። በየጎድጓዱ ትንሽ ነጭ ነገር። በነጩ ውስጥ የሚርገበገብ። ልብ ነው አለኝ። ሌላ ልብ። ሌላም። ከአራት አያንሱም፣ ግን በዚህ መቁጠር አይታመንም፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ይደበቃል። ጣፊያዋ ደህና፣ ጉበቷ ደህና፣ ውሃ የለም፣ ደም የለም። ምግብ የዘጋት ከእርግዝናው ነው፣ ይመለስላታል።

ጌ. ጮክ ብሎ ሣቀ። አባታቸው ይብላኝልሽ መሆኑ ነው እኮ! እኔም ሣቅሁ፣ ጎኔን ይዤ።

እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር።

ጄሉን እየጠረገላት በዓል ስታርዱ ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ አለኝ። ስንት ጊዜ። ለገናው ቅርጫም በሬው ጉበት ላይ ነበር፣ እንቁላል የሚያህል።

«የት አደረጋችሁት?»

«ለሰው የማይሆን ለውሻ ነው እንጂ፣ ሌላ የት ይደረጋል!»

መጥረጉን አቆመ።

ያ ውሃ ባዶ ውሃ አይደለም አለኝ። የትል ፍሬ አለበት። ውሻ ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፣ ከሰሊጥ የማይበልጥ። ውሻውን አያመውም። እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ሣር ላይ ይቀራል፣ ጸጉሩም ላይ። ከብት ከሣሩ ይበላዋል፣ ሰው ደግሞ ውሻውን ደባብሶ ሳይታጠብ ሲጎርስ ይውጠዋል። ከዚያ ጉበት ላይ ይቀመጥና ውሃ ይቋጥራል። ዓመታት ይፈጃል፣ ድምፅ የለውም። ይህ መሣሪያ ትሉን ውሻዋ ውስጥ አያይም፣ እጅግ ትንሽ ነው። አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም አለ። ለእሷ ኪኒን ሰጠኝ፤ ለእርጉዝም ይሆናል። ዓይነ ምድሯን በጓንት ሰብስቤ ማቃጠል አለብኝ።

ከዚያ እጄን አየ። ጎኔ ላይ ነበር።

«እትዬ ውዴ፣ ጎንዎን ምን ሆነው ነው?»

ጆንያ አልሁ። ከመቼ ጀምሮ አለ። አሰብሁ። ከጆንያው በፊት ነው። ካለፈው ክረምትም በፊት።

የሰው ሐኪም አይደለሁም አለ። ግን እርስዎም አልትራሳውንድ ይነሡ። እስኪነሡ ድረስ ያንን ቦታ ማንም እንዳይጫንብዎ። ማንም።

መጋቢት 28፣ እሑድ

አያ ደመላሽ ሳይጠበቁ መጡ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሳሎን ተቀምጠዋል። ጾም ስለሆነ ቅቤ አይነኩም፣ የኑግ ዘይት በጠርሙስ ይዘዋል። ሰሌኑ ተነጥፏል። ጌ. ትራሱን አስተካክሏል።

እውነቱን ልጻፍ። ልተኛ ነበር። ሌሊቱን አላስተኛኝም፣ የእሳቸው እጅ ደግሞ የታወቀ ነው። ነጠላዬን አውልቄያለሁ። ሰሌኑ ላይ ተንበርክኬያለሁ። ምንቼ የተላጨ ሆዷን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ሐኪሙ «ማንም» ብሎ የደገመው ጆሮዬ ላይ አቃጨለ። ተነሣሁ።

«አልታሽም፣ አያ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ምክንያቱን ስነግራቸው እጃቸው ላይ የፈሰሰውን ዘይት አዩት። «የውሻ ሐኪም ነው ከእኔ እጅ ያስሸሸሽ? ጎረቤትሽን መላኩን ጠይቂ! ያንቺኑ በሽታ ነው፣ ያንኑ ቀኝ ጎን፤ በየወሩ እያሸሁ አይደል ያቆምሁት!»

ጌ. እሳቸውን ሊሸኝ ወጣ። ሲመለስ አሳፈርሽኝ አለ። ከውሻ ሐኪም ምክር ከወሰድሽ ነገ ደግሞ ሣር ያዝልሻል አለ።  ወጌሻ ሊያቀና የሚችለው የተሰበረውን ነው። የእኔ የተሰበረ ይሁን የበቀለ ማንም አላየውም። ሳያዩ ዕቃ አይገዛም።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

እኔም ተነሣሁ፣ የሰው ሆስፒታል ሄጄ።

ከማታ ጀምሮ ምንም አልቀመስሁም። ለዐቢይ ጾም ሰው ቀላል ነው። በጀርባዬ ተኛሁ። ሆዴን ገለጥሁ። ጄሉ ሲነካኝ ደነገጥሁ። ያው ቅዝቃዜ። ራሴን የሚይዝልኝ አልነበረም፤ ጌ. ውጭ ቀርቷል።

የምታነሣዋ ልጅ ወሬኛ ነበረች። ስለ ፋሲካ ዶሮ እያወራችኝ መዳሰሻውን ቀኝ ጎኔ ላይ አደረገች። ዶሮው ተቋረጠ። ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረችው። ተንፍሺ፣ ያዢ፣ ተንፍሺ። ከዚያ ወጥታ ሐኪሟን ጠራች።

ስክሪኑን አዙሩልኝ አልሁ። ሐኪሟ አመነታች፣ ከዚያ አዞረችው። በግራጫው ውስጥ ክብ ጥቁር ጎድጓድ። በክቡ ውስጥ ትንንሽ ክቦች። ትልቁ የወለዳቸው ናቸው አለችኝ። ጉበቴ ላይ ነው፣ ብርቱካን የሚያህል።

ልብ ግን የለም። የሚርገበገብ የለም። ዝም ብሎ የተቀመጠ።

ነቀርሳ አይደለም አለች። መድኃኒት አለው፤ ከኪኒኑ በኋላ ቀዶ ጥገና። ቀጠሮው ከፋሲካ በኋላ ነው። እስከዚያ ሸክም የለም፣ መውደቅ የለም፣ መታሸት ፈጽሞ የለም። ቢፈነዳ ሰውነት ይደነግጣል፤ ሐኪም ጋ ሳይደረስ የሚሞት አለ። የተረፈም ውሃው የነካው ቦታ ሁሉ ላይ እንደገና ይበቅልበታል።

ስወጣ ጣና ላይ ሰዎች እምቦጭ ሲነቅሉ አየሁ። ቁራጩ ውሃው ላይ ከቀረ ተመልሶ ይሸፍነዋል።

እሑድ ሰሌኑ ላይ ተንበርክኬ ነበር። ይህን ደጋግሜ አስባለሁ። ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልሁም።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ጌ. አለቀሰ። ከዚያ ተቆጣ። ምንቼን በጆንያ ከትቶ ሩቅ ሊጥላት ባጃጅ ጠራ። ጆንያውን ከእጁ ወሰድሁ።

እሷ ብትሄድ በነጋታው ሌላ ውሻ ይመጣል፣ ቅርጫውም ይመጣል፣ ጉበቱም ይወረወራል አልሁት። ውሻዋ ኪኒኗን ወስዳለች፤ ሐኪሙ በየጊዜው ይደገም ብሏል። እኛ ነን ያልዋጥነው። ስድስት ዓመት እያበላናት የነበረው ማን ነው?

ባጃጁን እኔ መለስሁት። ጌ. ማታ እጁን ሦስት ጊዜ ታጠበ። ምንቼ በርቀት ተቀምጣ አየችው፤ ጅራቷን ትቆላለች።

የመሸንቲው መኪና ገባ። ጆንያውን የተሸከሙት ሌሎች ናቸው። እኔ ቆሜ አየሁ። ቆሞ ማየት እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

የቅርጫው ስብሰባ የኔታ ግቢ። በሬው ተገዝቷል፣ የቀረው የድርሻ ነገር ነው። ሲያልቅ ተነሣሁ። የተበላሸ ጉበት ለውሻ አይጣል፣ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈር፣ ይቀበር ወይም ይቃጠል አልሁ። ለምን እንደሆነም ተናገርሁ፣ የራሴን ጭምር።

 ከዚያ አንዱ፣ ለጉበትም ፍታት ሊደረግ ነው አለ፣ ሣቁ። መላኩ ደግሞ ፊቱን ወደ የኔታ አዙሮ፣ ለእኔ እንዳልተናገረ ሆኖ፣ «ይህች ሴትዮ ለፋሲካ ውሾቻችንን ጦም ልታሳድር ነው እንዴ!» አለ። በጣም ተሣቀ። እሱም ሣቀ። ሣቁ መሐል ላይ ተቋረጠበትና እጁ ሄዶ ጎኑ ላይ አረፈ።

ቀኝ ጎኑ ላይ።

አየሁት። አያ ደመላሽ ያሉት ትዝ አለኝ። በየወሩ። መናገር ይቻል ነበር። እየሣቀብኝ ነበር፤ ምን ቸገረኝ አልሁ። ለሁሉም ነግሬያለሁ፣ ጆሮ ያለው ሰምቷል።

የኔታ ሣቁ እስኪበርድ ጠበቁ። «ጉድጓድ መቆፈር ኃጢአት አይደለም። ይቆፈር» አሉ። በቃ።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ፣ ጠዋት

ታረደ። ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ቆፋሪው ጌ. ነው፤ እስከ ደረቱ ገባበት።

ጉበቱ ሲወጣ ሁሉም ዘወር አለ። ሦስት ቦታ ላይ ነበረው። አንጸባራቂ፣ ነጭ፣ የተወጠረ። ማንም አልሣቀም። አራጁ የለመደ እጅ ነውና ቆርጦ ወደ ኋላ ሊወረውረው ክንዱን አነሣ፤ ምንቼና ይብላኝልሽ እኩል ተነሡ። «ጉድጓድ!» ብዬ ጮኽሁ። ሰባት ወንድ ደነገጠ። ክንዱን አወረደ። ጌ. ተቀብሎ ቀበረው፣ ድንጋይ ጫነበት።

መላኩ ጉድጓዱን እያየ ቆሞ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። ድርሻውን ሳይመርጥ ወሰደና ሄደ። ሥጋ ሳይመርጥ ሲሄድ አይቼው አላውቅም።

ያው ዕለት፣ አመሻሽ

ምንቼ ተነሥታ ጮኸች። ወደ እኔ በር አይደለም፣ ወደ አጥሩ ነው። ጡቶቿ ወርደዋል፣ መነሣት ይከብዳታል፣ ግን ጮኸች።

ከአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። አያ ደመላሽ በመላኩ በር ገቡ። ጾሙ ተፈትቷል፤ ዘይቱ ቀርቶ ዛሬ የቅቤ ዕቃ ይዘዋል። የመላኩ ሚስት ሰሌን ስታራግፍ ይሰማኛል። ጠዋት ጉበቱን አይቶ ፈርቷል። ፈርቶ የሄደው ወደሚያውቀው እጅ ነው። እኔም እንዲሁ ነበርሁ፣ ተንበርክኬ።

ጌ. ተዪው ይለኛል። ስድስት ዓመት፣ በበዓል ቀን፣ ምን ትይዋለሽ ይላል። ደግሞ ቢሰድብሽስ።

ይስደበኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በውሻዬ ስም የምነግረውን ዛሬ በአፌ አልደግመውም። በመጀመሪያ «አያ፣ እጅዎን ያንሡ» እላለሁ። ከዚያ ሸሚዙን ገልጦ እንዲያሳየኝ አልጠይቅም፤ የእኔን የአልትራሳውንድ ወረቀት አሳየዋለሁ፣ በግራጫው ውስጥ ያለውን ጥቁር ክብ። ነጋዴ ነው። ያየውን ያምናል።

ሰሌኑ ተነጥፏል። እየተነጋገሩ ነው። መሮጥ የለብኝም፣ ግን የእሱ በር ሩቅ አይደለም። ነጠላዬን የት ጣልሁት? ይቅር፣ ሄድሁ።